እንቆቅልሽ ጠያቂውን ጌም ከኳሱ ጋር አትደባልቁብን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጌም ልጆቻችንን እያጠፋ ነው የሚለውን ጽሑፋችሁን ከጎረቤቴ ተውሼ አነበብኩት። ግማሹ ልክ ነው። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ሥር ያለው ጌም ቤት ከሰዓት በኋላ ዩኒፎርም በለበሰ ልጅ ጢም ይላል። ለእሱ ጥብቅና አልቆምም። ግን ጸሐፊው ጌምን ሁሉ በጅምላ ኮነኑት፣ እኔን ያናደደኝ እሱ ነው።

የ12 ዓመት የእህቴ ልጅ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ከዐረብ አገር የተመለሰች ዘመዳችን አሮጌ ኒንቴንዶ ዲኤስ አመጣችላት። እንደ መጽሐፍ የሚከፈት፣ ሁለት ስክሪን ያለው፣ የታችኛው በቀጭን ዘንግ የሚነካ የእጅ ጌም ማጫወቻ ነው። አብሮት የመጣው ካርድ አንድ ብቻ፦ «ፕሮፌሰር ሌይተን ኤንድ ዘ ኪዩሪየስ ቪሌጅ»። ሌቨል ፋይቭ የሚባል የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ነው። ጥይት የለ፣ ኳስ የለ። «ይሄ ደግሞ ምን ጌም ነው?» ብላ ልትጥለው ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ሀብታም ባሮን ይሞታል። ወርቃማውን ፖም ያገኘ ንብረቴን ይውረስ ብሎ ተናዟል። ባርኔጣ የማይለየው ፕሮፌሰር ሌይተንና ሉክ የሚባለው ልጅ ነገሩን ሊያጣሩ ወደ መንደሩ ይመጣሉ። መንደርተኛው ታዲያ እንቆቅልሽ ሳይጠይቅ ወሬ አይነግርም። ድልድዩን የሚያወርደው ሰውዬ እንኳ መጀመሪያ ጥያቄዬን መልስ ይላል (ቀበሌ ጉዳይ ይዞ የሄደ ሰው ይሄ አይገርመውም)። ከ100 በላይ እንቆቅልሽ አለው። አንዳንዱ ከታሪኩ ጋር ምንም አይገናኝም፣ በግድ የተሰካ ነው። ስትሳሳቱ ነጥብ ይቀንሳል፣ ፍንጭ የሚገዛው ደግሞ ከየጥጋጥጉ በሚለቀም ሳንቲም ነው፤ የኛይቱ ቋጣሪ ስለሆነች ሳንቲሙን ንክች አታደርገውም።

እንቆቅልሾቹን ያዘጋጁት አኪራ ታጎ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነበሩ። የእንቆቅልሽ መጽሐፎቻቸው ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጃፓን ውስጥ በሰፊው ተነበዋል። የኩባንያው ኃላፊም በልጅነቱ እነሱን ሲያነብ ያደገ ነው። ማለትም ጌሙ የተወለደው ከመጽሐፍ ነው።

አንድ ማታ ምን ሆነ መሰላችሁ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። 3 ተኩላና 3 ጫጩት ወንዝ የምናሻግርበት ጥያቄ ላይ ነን። ጀልባው ከሁለት በላይ አይጭንም፣ ባዶውንም አይሄድም። በየትኛውም ዳር ተኩላው ከጫጩቶቹ በቁጥር ከበለጠ ይበላቸዋል። እኛ ቤት የሚታወቀው የነብር፣ የፍየልና የቅጠሉ ነው፤ የዚህኛው ታላቅ ወንድም በሉት። ስንጨቃጨቅ የዲኤሱ መብራት ቀላ፣ ከዚያ ድርግም። ተኛን? ምን በወጣን! ልጅት ከማድቤት 3 ባቄላና 3 ሽምብራ ይዛ መጣች። ባቄላው ተኩላ፣ ሽምብራው ጫጩት፣ የስኒ ማስቀመጫው ጀልባ። ሻማ አብርተን ሰፌድ ላይ አሻገርን። እኔ ሦስቴ ጫጩት አስበላሁ። እሷ «ጋሼ፣ የተሻገረውን መልሰህ ማምጣት ትፈራለህ እኮ፣ ለዛ ነው» አለችኝና በ11 ጉዞ ጨረሰችው። ከ11 ባነሰ አይቻልም።

ከዚያ «አገር ስጠኝ» አለች። ጎንደርን ሰጠኋት።

እንግሊዝኛዋስ? መጀመሪያ እየተረጎምኩላት ነበር። አሁን አንድ ቃል ስትይዛት መዝገበ ቃላት ታገላብጣለች እንጂ እኔን አትጠራኝም፤ በቃላት የሚያጭበረብሩት ጥያቄዎች ግን ዛሬም ያስለቅሷታል። እውነት ለመናገር በአማርኛ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እቆጫለሁ። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያለ ያደገ ሕዝብ ይሄን ከማንም መዋስ አልነበረበትም። ሞልቶ የተረፈ የአያት እንቆቅልሽ አለን። ጎበዝ ደራሲ በአንድ የጠፋ ኑዛዜ ዙሪያ ቢሰካካው፣ አንዱ የኛ ፕሮግራመር ደግሞ ስልክ ላይ ቢጭነው ምን ይጎድለዋል?

እስከዚያው እናንተ በልጆች ገጻችሁ ጀምሩት። የተበታተነ ጥያቄ አይደለም የምለው፣ በየሳምንቱ የሚቀጥል አንድ የምሥጢር ታሪክ ይሁን። መልሱን ያላገኘ ልጅ ቀጣዩን ክፍል እስኪያነብ ይብሰልሰል።

ለመጀመሪያው ሳምንት የተኩላውን አውጡት። ዲኤስ ለሌለው ባቄላና ሽምብራ ይበቃዋል። እናንተም ካቃታችሁ አገር ስጡን፣ ጎንደር ግን ተይዟል።

ከቱሉ ዲምቱ ነዋሪ