እማዬ፣ አባዬ ችላ ብሎሽ አይደለም

እማዬ እንዴት ነሽልኝ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ይሄን በስልክ ልነግርሽ ነበር ግን አባዬ አጠገብሽ እያለ እንደልብ አይወራም፣ ኔትወርኩም መሀል ላይ እየተቆራረጠ ያናድደናል፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

ባለፈው "ከስትሮኩ በኋላ ባህሪው ተቀየረብኝ፣ ስጠራው ዝም ይለኛል፣ ያቀረብኩለትን ግማሹን ትቶ ከዛ ደሞ አነሰኝ ብሎ ይቆጣል" ያልሽኝን ሳስበው ነው የከረምኩት። ወንድሜ የላከልኝን ቪዲዮም ደጋግሜ አየሁት። በቀኙ በኩል ያለውን ሽሮ ጥርግ አርጎ በልቶ በግራው ያለው ጎመንና አይብ እንዳለ ቁጭ ብሏል፣ እንጀራውም መሀል ለመሀል ነው የተቆረሰው። ጋቢው ከግራ ትከሻው ወርዶ መሬት ሲጎተት አያውቀውም። ተላጭቻለሁ ብሎ የመጣ ቀንም የግራ ጉንጩ ጺም እንዳለ ነበር አልሽኝ አይደል? እማዬ ይሄ ግትርነት አይደለም፣ አንቺንም ንቆሽ አይደለም፣ በሽታው ራሱ ነው።

እኔ የምሰራበት የማገገሚያ ክፍል እንዲህ ያለ ታማሚ አይጠፋም። ሲቲ ስካኑ ላይ እንደተጻፈው አባዬን የመታው በቀኝ ጎን፣ ከጆሮ በላይ ወደ ኋላ ከፍ ብሎ ያለው ፓራይታል የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ዓይኑ ደህና ነው፣ የተጎዳው "ወደዛም ልብ በል" የሚለው ነገር ነው። ሐኪሞች በብዛት የሚሉት፣ የግራው አንጎል በአብዛኛው የሚከታተለው ቀኝ ቀኙን ነው፣ የቀኙ አንጎል ግን ሁለቱንም ጎን ይከታተላል፣ ስለዚህ የግራው ሲጎዳ የቀኙ ይሸፍንለታል፣ የቀኙ ሲጎዳ ግን ወደ ግራ የሚያይ አይኖርም። ንግግር ደሞ አብዛኛው ሰው ላይ በግራው አንጎል ስለሆነ የአባዬ ጨዋታ አልተነካም። እሱ ነው ሰዉን የሚያታልለው፣ ጠያቂ ሁሉ "ምን ሆነና፣ ጨዋታው እንዳለ ነው" ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል፣ ጣጣው ላንቺ ይቀራል።

ዓይኑ ነው መነጽር እንግዛለት እንዳትይኝ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1978 ጣልያን አገር ሚላን ውስጥ ቢዚያክና ሉዛቲ የሚባሉ ተመራማሪዎች እንደ አባዬ የታመሙ ሁለት የከተማውን ሰዎች ዱኦሞ የሚባለውን የካቴድራላቸውን አደባባይ በሐሳብ እንዲያዩት ጠየቋቸው። መጀመሪያ ፊታችሁን ወደ ካቴድራሉ አዙራችሁ ቆማችኋል እንበል፣ ምን ምን አለ ሲሏቸው በቀኝ ያሉትን ህንጻዎች ጠሩ፣ የግራዎቹን ዘለሉ። አሁን ደሞ ካቴድራሉ ደጃፍ ሆናችሁ ወደ አደባባዩ ዙሩ ሲሏቸው ቅድም የዘለሏቸውን መጥራት ጀመሩ፣ ቅድም የጠሯቸው ቀሩ! ይታይሽ፣ ዓይን እዚህ ውስጥ የለበትም፣ በሐሳብ እንኳ ግራው ይሰወራል፣ ትዝታው ግን አልጠፋም። ከፈለግሽ አባዬን የምኒልክ አደባባይን ጠይቂው፣ አንዴ ፊቱን ወደ ጊዮርጊስ አዙሮ፣ አንዴ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እንደ ጨዋታ አርገሽ እንጂ እንደ ፈተና አይደለም።

እንግሊዝ አገር ደሞ በፈረንጆቹ 1988 ለአንዲት ታማሚ ሁለት የቤት ስዕል አሳዩዋት፣ አንደኛው ቤት በግራ በኩሉ እሳት ይነዳል። ልዩነት የላቸውም አለች። የቱ ቤት መኖር ትፈልጊያለሽ ሲሏት ግን ምን አይነት የማይረባ ጥያቄ ነው እያለች አብዛኛውን ጊዜ የመረጠችው እሳት የሌለበትን ነው። ስለዚህ አባዬ ባያይሽም ምንም አይገባውም ብለሽ በግራው በኩል ቆመሽ ስለሱ አታውሪ።

ግራ እጅህን አንሳ ስትይው "ይኸው አነሳሁ" የሚለውም ውሸት አይደለም፣ አንጎሉ እጁ መድከሙን አይነግረውም። ይሄንን ባቢንስኪ የሚባል ፈረንሳይ የነበረ ሐኪም በፈረንጆቹ ከ1914 ጀምሮ ስም አውጥቶለታል፣ አዲስ ነገር አይደለም። አትከራከሪው፣ ተከራክረሽ አታሸንፊም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ መሰለሽ፣ ሲበላ መጀመሪያ "አባዬ ወደ ግራ እይ" በይውና ራሱን እንዲያዞር ጠብቂው፣ እምቢ ካለ ትሪውን አዙሪለት፣ ያኔ ጎመኑን ያገኘዋል። ትሪው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፊ፣ "ቀዩን እስክታየው ዙር" ማለት እኛም ጋ የምንሰራበት ነው። ቁም ነገር ስታወሪው በቀኙ ሁኚ፣ ለጨዋታ ግን በግራው ተቀመጪና እጁን እየነካሽ ጥሪው፣ እንዲለምድ። የከሰል ምድጃና ጀበና በግራው በኩል በጭራሽ እንዳይቀመጥ፣ ብዙ ሰው የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት በደንብ ይሻላቸዋል፣ ፊዚዮቴራፒውን እንዳያስቀር። ጠበሉ ይቀጥል ማን ከለከለ፣ ግን የግፊት መድኃኒቱ አንድም ቀን እንዳይቋረጥ፣ ማንም ምንም ቢልሽ።

መኪናውን ደሞ ወንድሜ እንዳለኝ ልነዳ ነው እያለ ነው አሉ። በግራው የሚመጣውን ሰው አያየውም እማዬ፣ ቁልፉን ዛሬውኑ ለወንድሜ ስጪው። ቢቆጣ ልጅህ ናት የከለከለችው በይውና እኔ ላይ ይደውልና ይቆጣኝ።

ልጅሽ