«ያልከፈሉ» የተባሉት እነማን ናቸው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ ነው የምኖረው። እንጀራዬ ዳታቤዝ ነው፤ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ካለ ቢሮ ስለ ሰው መዝገብ ሳስብ እውላለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሰፈራችን እድር ነው።

ኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የእድሩ ቤት በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። «የጥቅምት ወር ያልከፈሉ አባላት» ይላል። ሦስት ገጽ ሙሉ ስም ነው። አጠገቤ የነበሩት እናቴን የሚያህሉ ጎረቤቴ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ «እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ የራሳቸው ስም ጋ ደረስኩና ድምፄ ወረደ። «ደግመሽ አንብቢው» አሉኝ። ደግሜ አነበብኩት።

ምንም አልተናገሩም። ቤታቸው ገቡና በፌስታል የተጠቀለለ የደረሰኝ ክምር አወጡ። በላስቲክ ታስሯል። የጥቅምቱ ከላይ ነው፤ መቶ ብር፣ ቀኑ፣ የገንዘብ ያዡ ፊርማ፣ ማኅተሙ። «ልጄ፣ እኔ ድንኳን ሲተከል ቀርቼ አውቃለሁ?» አሉኝ። እማማ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ብቻውን ለሚኖር ሰው እድር ማለት ቀባሪው ነው። ስማቸው እዚያ በር ላይ ሲነበብ ምን እንደተሰማቸው ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ማታውኑ መዝገቡን ዘንድሮ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ያዛወረልን ልጅ ጋ ሄድኩ። የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ገና ተማሪ ነው፣ ያለ አንድ ብር ነው የሠራልን። አብረን ከፈትነው።

ሁለት ቴብል (ሠንጠረዥ) አለው። አንደኛው የአባላት ነው፦ ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ። ሁለተኛው የክፍያ ነው። እያንዳንዱ ደረሰኝ አንድ መስመር ይይዛል፤ የአባሉ ቁጥር፣ ወሩና ብሩ ይጻፍበታል። በእኛ ሙያ የአባሉን መዝገብ ወላጅ፣ የክፍያውን ልጅ እንለዋለን። አንድ ወላጅ ብዙ ልጅ ሊኖረው ይችላል፣ አንድም ላይኖረው ይችላል።

የጻፈው ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚቀርበው ጥያቄ፣ ሁለቱን ቴብሎች ያገናኝና «ወሩ ጥቅምት ያልሆነ ክፍያ ያላቸውን አምጣ» ይላል። ሲነበብ ልክ ይመስላል። አሁን እማማን ውሰዱ። መስከረም ከፍለዋል፣ ጥቅምትም ከፍለዋል። ኮምፒውተሩ የመስከረሙን መስመር ያያል። ጥቅምት አይደለም፤ ስማቸውን ያወጣል። ቀጥሎ የጥቅምቱን መስመር አይቶ ያልፈዋል፤ ስማቸው ግን በመስከረሙ ምክንያት አንዴ ወጥቷል። እንዲህ እያለ ወር ሳያሳልፍ የሚከፍለውን ሰው ሁሉ በር ላይ ለጠፈው።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። አባል ከሆነ ጀምሮ አንዴም ከፍሎ የማያውቅ ሰው አለን። የእሱ ስም ወረቀቱ ላይ የለም! በክፍያው ቴብል አንድም መስመር ስለሌለው፣ ሁለቱ ሲገናኙ የሚያገናኘው ነገር አልተገኘም፤ ተንጠባጥቦ ቀረ።

«ጥቅምት ያልሆነ ክፍያ ያለው» እና «የጥቅምት ክፍያ የሌለው» ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ስላለ ነገር ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ስለሌለ ነገር። አማርኛችን አሳምሮ ይለያቸዋል። ኩዌሪ ከመጻፋችን በፊት ጥያቄውን በአማርኛ ጮክ ብለን ብንለው ግማሹ ስህተት እዚያው ይያዛል ብዬ አምናለሁ።

ልጁ ወዲያው ገባውና አስተካከለ። መጀመሪያ ጥቅምት የከፈሉትን ቁጥሮች ሰበሰበ፤ ከዚያ «ከእነዚህ ውስጥ የሌሉትን አምጣ» አለ። ኖት ኢን የሚባለው ነው። ወረቀቱ ባዶ ሆኖ መጣ። «ሁሉም ከፍሏል ማለት ነው» ብሎ ፊቱ በራ። እኔ ግን ያንን ባዶ ወረቀት አውቀዋለሁ፤ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እኔንም አታልሎኛል።

ፈልገን አገኘነው። ገንዘብ ያዡ አንድ የጥቅምት ደረሰኝ ሲያስገቡ የአባሉን ቁጥር ዘለውታል። ያ ባዶ ቦታ ናል ይባላል፤ ትርጉሙ «አይታወቅም» ነው። አሁን ኮምፒውተሩ አባል ቁጥር 40ን ይዞ «ከከፋዮቹ ውስጥ የለም አይደል?» ተብሎ ይጠየቃል። ያ የማይታወቀው ቁጥር 40 ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ስለዚህ «የለም» ብሎ መማል አይችልም። ካልማለ ደግሞ ስሙን አያወጣም። ቁጥር 41 ላይም እንደዚያው፣ 42 ላይም እንደዚያው። አንዲት ባዶ ቦታ ዝርዝሩን በሙሉ ዋጠችው። ኩዌሪ የምንጽፍበት ቋንቋ፣ ኤስኪውኤል፣ አይቢኤም የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ በ1974 እ.ኤ.አ. ይፋ ከሆነ 50 ዓመት አልፎታል፤ ይህ ወጥመድ ግን ዛሬም ስንት የሠለጠነ ሰው ይይዛል። በልጁ የምፈርደው ነገር የለኝም።

በመጨረሻ በኖት ኤግዚስትስ ጻፍነው። አባሎቹን አንድ በአንድ እያነሳ «በዚህ ሰው ቁጥር የተመዘገበ የጥቅምት ክፍያ የለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ናል አያደናግረውም። ምንም ከፍሎ የማያውቀውም ሰው አያመልጠውም። ክፍያ የሌለውን አባልም ሳይጥል ሁለቱን ቴብሎች የሚያገናኘው ሌፍት ጆይንም ይሠራል፤ ብቻ «ጥቅምት» የሚለው ሁኔታ ማገናኛው ላይ ይጻፍ፣ ዌር ወደሚባለው ማጣሪያ ከወረደ ይበላሻል። 11 ስም ወጣ።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የከበደኝ። ኩዌሪው አሁን ልክ ነው። ያ ቁጥር የሌለው ደረሰኝ ግን የአንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ከ11ዱ አንዱ ነው። ከፍሎ ሳለ አልከፈለም እየተባለ ነው። በማግስቱ የደረሰኙን ቀሪ አውጥተን ስሙን አገኘን፤ 10 ቀሩ። ይህንን ማንም ኩዌሪ አይሠራልንም ነበር።

አዘጋጅ ሆይ፣ ይህን ለጋዜጣ የጻፍኩት በየደረስንበት ቢሮ በር ላይ «ያልከፈሉ»፣ «ያላሟሉ»፣ «ያላሳደሱ» የሚል ወረቀት ስለማይ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ዳታው ውስጥ በመገኘታቸው መሰረዙን የከተማችን ሰው አይረሳውም። የዚያ ምክንያት ከእኛ እድር ይለያል፤ ዝርዝር ሲበላሽ የሚጎዳው ሰው ግን ያው ነው።

ዝርዝር የምታወጡ ሁሉ፣ እባካችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት በሦስት ሰው ሞክሩት። አንዱ የዚህን ወርም ያለፉትንም የከፈለ፣ ሁለተኛው ያለፉትን ብቻ የከፈለ፣ ሦስተኛው ምንም ከፍሎ የማያውቅ። መውጣት ያለባቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። በስም አታገናኙ፣ በቁጥር አገናኙ። አንዱ ጋ «ጸሐይ»፣ ሌላው ጋ «ፀሀይ» ተብላ ከተጻፈች ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናት፤ ከፍላም አልከፈለችም ትባላለች። ከዚያ ከደረሰኝ ቀሪው ጋር ቁጭ ብላችሁ አስተያዩት። ስም ከሚለጠፍ ለሰውየው ስልክ ቢደወል ምን አለበት?

የእኛ ወረቀት ተነስቷል። አሥሩም በስልክ ተነግሯቸዋል። ይቅርታ ግን እስካሁን አልተለጠፈም። እዚያው በር ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲለጠፍ የእድሩን ዳኛ ጠይቄያለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባም እጠይቃለሁ። እማማ የጥቅምቱን ደረሰኝ ወደ ፌስታሉ አልመለሱትም፤ የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ይዘውት ይዞራሉ።

አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ