እዚህም ቆዳ ይፋቃል

የሎውናይፍ፣ ካናዳ
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፦

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ እታለም መሆኗን ስለማውቅ አስቀድሜ ልለምናት፤ እታለም፣ ረዘመ ብለሽ እንዳትዘልይ። አባባ አንድ በአንድ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።

ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ እህል በማይበቅልበት በዚያ በረዶ ውስጥ የዱሮ ሰው በምን ይኖር ነበር?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ልደውል ነበር፤ ነገር ግን መልሱ የስልክ አልሆነልኝም። በቆዳ ነው የኖሩት፣ አባባ። ሥጋና ዓሣ በልተው፣ ቆዳ ለብሰው፣ ቆዳ ሸጠው። ዛሬም ጥቂቶች እንዲሁ ይኖራሉ፤ ከእነሱ አንዱን ለማወቅ በቅቻለሁ።

እንደሚያውቁት ሥራዬ የበረዶ ሞተር መጠገን ነው። ከፊቱ ሁለት መንሸራተቻ፣ ከኋላው እንደ ታንክ የሚሽከረከር የጎማ ሰንሰለት ያለው ሞተር ነው። ጋራዡ ከሚገቡት መካከል አውሬ በወጥመድ የሚይዙትን የአጥማጆቹን ሞተር ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ፤ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ ከወንበሩ ሥርም የሽቦ ቁራጭና የዝይ ላባ አይጠፋም። ደንበኛዬ የሆኑት ሽማግሌ የዴኔ ሰው ናቸው። ዴኔ ፈረንጅ ወደዚህ ሳይመጣ በፊት ጀምሮ በግሬት ስሌቭ ሐይቅ ዙሪያና ከዚያም ርቆ የኖረ ነባር ሕዝብ ነው። ኅዳር ላይ ሞተራቸውን አድሼ ስጨርስ «በል እንግዲህ፣ እጅህ የነካው ነገር ጫካ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ መጥተህ እየው» አሉኝ። ፈቃድ ጠይቄ ተከተልኳቸው።

መስመር የሚሉት ወጥመድ የሚተከልበትን መንገድ ነው። ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ፣ ጥድ በሚመስል ዛፍ በተሞላ ደን ውስጥ ትንንሽ ሐይቆችን እያቋረጠ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በየመሐሉ የግንድ ጎጆ አለ። አጥር ባይኖረውም የማን መስመር የት እንደሚያልፍ ሁሉም ያውቃል፤ በሰው መስመር ላይ ወጥመድ መትከል ትልቅ ነውር ነው። በጋውን ሁሉ ሥራ የለም። የአውሬው ጸጉር ጥቅጥቅ ብሎ የሚያምረው ክረምት ሲጠና ስለሆነ ሥራው የሚጀመረው ሰው ሁሉ ቤቱን በሚዘጋበት ጊዜ ነው።

ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነበር። በዚህ ብርድ ብረት በባዶ እጅ ከነኩ ቆዳዎ ብረቱ ላይ ይቀራል። ፀሐይ አርፍዳ ትወጣለች፣ ቀትር ካለፈ ብዙም አትቆይም። እኔን ያስፈራኝ ግን ብርዱ ሳይሆን ሐይቁ ነው። ግግሩ መኪና የሚሸከም ሆኖ ሳለ፣ በላዩ የተከመረው በረዶ በክብደቱ ሲጫነው ውኃ በስንጥቅ እየወጣ ከበረዶው ሥር ይተኛል፤ በረዶው እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሸፍነው በዚያ ሁሉ ቅዝቃዜ አይረጋም። ከላይ ሲያዩት ሜዳ ነው። የገባበት ሰው እግሩ ይርሳል፣ የራሰ እግር ደግሞ ወዲያው በረዶ ይሆናል። ስለዚህ ሽማግሌው ከሞተራቸው ወርደው፣ ጫፉ ስል የሆነ ረጅም ብረት ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፤ መታ ያደርጋሉ፣ ድምፁን ያዳምጣሉ፣ ጥቂት ወደ ግራ ይላሉ፣ እንደገና ይመታሉ። ከመሻገራቸው በፊት ቆንጥረው ትንባሆ ሐይቁ ላይ ጣል አደረጉ። ለውኃው የሚሰጥ ነው። ከዚያ አማተቡ፤ አብዛኛው ዴኔ ካቶሊክ ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ ያደርጓቸዋል ማለቷ አይቀርም። እኔም አስቤው ነበር፤ ግግሩ ላይ ስቆም ግን ጥያቄው ጠፋኝ።

የሚያጠምዱት በብዛት ማርተን የሚባለውን ነው። መልኩ ሙጭልጭላን ይመስላል፣ ድመት የማይሞላ፣ ዛፍ ላይ የሚሮጥ፣ ጸጉሩ ከቡና እስከ ወርቅ የሚደርስ አውሬ ነው። አጠማመዱ እንዲህ ነው፤ አንድ ረጅም እንጨት ዛፍ ላይ አጋድመው ያስደግፋሉ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ሳጥን ያስራሉ፣ ከሳጥኑ ውስጥ የዓሣ ቁራጭ ያኖራሉ፣ ደጃፉ ላይ ወጥመዱን ይገጥማሉ። ማርተኑ እንጨቱን ይወጣና አንገቱን ሲያስገባ ያበቃል። ከመሬት ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር አይጥ ጸጉሩን አይበላውም። የሚታየው ጥበብ እንግዲህ ይህ ነው፤ የማይታየው ደግሞ የትኛው ዛፍ እንደሚመረጥ ነው። ሽማግሌው ዱካ አይተው አውሬው መቼ እንዳለፈ፣ ወዴት እንደሚመለስ ይናገራሉ። ስንመለስ በነገሩኝ ቦታ ሁለት አገኘን።

መሐል መንገድ ላይ የሞተሩ ማስተላለፊያ ቀበቶ ከብርዱ የተነሣ እንደ እንጨት ደርቆ ተበጠሰ። ትርፍ ቀበቶ ሳይዙ የሚወጡ ሰው አይደሉም። ጓንቴን አውልቄ ጥቂት እሠራለሁ፣ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ እቆማለሁ፣ እንደገና እሠራለሁ። እሳቸው ምንም ሳይቸኩሉ እሳት አንድደው ሻይ አፈሉ። «በውሻ ዘመን ቀበቶ አይበጠስም ነበር፤ ውሻ ግን በበጋም ይበላል» አሉኝ። አባታቸው የሚሄዱት ውሾች በሚጎትቱት መንሸራተቻ ነበር፤ ለውሾቹ ቀለብ ብቻ በጋውን በሙሉ ዓሣ ሲያደርቁ ይከርሙ ነበር።

ማታ ጎጆ ገባን። አሁን የምነግርዎትን ያለ እርስዎ ማን ያጣጥመዋል? የተገደለው ሁሉ እንደ ድንጋይ ስለሚረጋ በዚያው አይገፈፍም። ከጣሪያው ሥር ሽቦ ላይ ይሰቅሉታል፣ ከምድጃው ሙቀት ቀስ እያለ ይላላል። ከራስጌዬ ተሰቅለው ሲንጠባጠቡ አደርኩ። ጠዋት ቢላዋቸውን ስለው፣ ከአንድ የኋላ እግር ተረከዝ እስከ ሌላው ድረስ አንዴ ቀደዱና ሆዱን ሳይነኩ ቆዳውን እንደ ስልቻ ሙሉውን ወደ ራሱ ገፈፉት። የጭራውን አጥንት በተሰነጠቀ እንጨት ቆንጥጠው ሳብ ሲያደርጉት ወጣ። ጆሮና ዓይን ዘንድ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ያዙ። እርስዎም የፍየል ቆዳ ሲገፍፉ እግሩ ዘንድ ትንፋሽዎን ይይዙ ነበር፤ ልጅ ሆኜ አብሬ እይዝ ነበር። ከዚያ ጸጉሩን ወደ ውስጥ አድርገው በቀጭን ጣውላ ላይ ወጠሩት፣ ስቡን ፋቁት፣ ቆዳው ጥቂት ሲደርቅ ደግሞ ጸጉሩን ወደ ውጭ መለሱት። አንድ የቢላዋ ስሕተት ዋጋውን ይሰብራል። ቀስ ብለው፣ ተጠንቅቀው ነው የሚሠሩት፣ እርስዎን ይመስላሉ።

ምግባችን በመጥበሻ የተጋገረ ቂጣ፣ ከሐይቁ የወጣ ዓሣና የካሪቡ ቋንጣ ነበር። ካሪቡ በመንጋ የሚሄድ የዚህ አገር አጋዘን ነው። ጾመ ነቢያት ስለገባ ቋንጣውን ተውኩ፤ እታለም የላከችልኝን በሶ በጥብጬ ጠጣሁ፣ እሳቸውም ቀምሰው «ይህ ለመንገድ የተፈጠረ ነው» ብለው ጠየቁኝና ሰጠኋቸው። የቢቨር ጭራ አቀረቡልኝ። ቢቨር በጥርሱ ዛፍ ቆርጦ ወንዝ የሚገድብ አውሬ ነው፤ ዱሮ የፈረንጅ ካህናት ውኃ ውስጥ ይኖራልና ዓሣ ነው ብለው በጾም አስበልተዋል ይባላል። እኔ ግን ሰኮናው አልተሰነጠቀም ብዬ አለፍኩት።

አገሩን ሁሉ የለወጠው ይኸው ቢቨር ነው። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍልዎታለሁ። የቢቨር የውስጥ ጸጉር ሲታሸና ሲመታ ውኃ የማያስገባ ጨርቅ ይወጣዋል፤ አውሮፓ ውስጥ የታወቀ ሰው ሁሉ ከዚያ የተሠራ ባርኔጣ ያደርግ ነበር። ለባርኔጣ ሲባል በ1670 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ወደ ሐድሰን ባሕረ ሰላጤ የሚፈስሱ ወንዞች ያሉበትን ምድር ሁሉ ለአንድ ኩባንያ ሰጠ። ንጉሡ አገሩን አላየውም፣ የሚኖርበትን ሰውም አልጠየቀም። ሐድሰን ቤይ ኩባንያ ማለት ይህ ነው። በንግድ ጣቢያዎቹ የዕቃ ዋጋ የሚቆጠረው በቢቨር ቆዳ ነበር፤ አሞሌ ጨው እኛ ዘንድ ያደረገውን እዚህ ቆዳ አደረገ። በ1821 ዋና ተቀናቃኙን ከጠቀለለ በኋላ በሰሜኑ ብዙ ቦታ ገዥውም ሻጩም እሱ ብቻ ሆነ። አሠራሩን እርስዎ ለማወቅ አይቸገሩም፤ በመከር ወራት ዱቄት፣ ሻይ፣ ጥይትና ወጥመድ በዱቤ ይሰጣል፣ ዕዳው ክረምቱ ሲያልፍ በቆዳ ይከፈላል፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ግን ያው ባለ ዱቤው ነው። አጥማጁ ዕዳውን ከፍሎ ሲወጣ በሌላ ዕዳ ይገባል።

በ1928 በጋ ደግሞ የኩባንያው መርከብ በማኬንዚ ወንዝ ሲወርድ ኢንፍሉዌንዛ ይዞ መጣ፤ በየመንደሩ ብዙ ዴኔ አለቀ። የሽማግሌው እናት ያለ ወላጅ የቀሩት ያኔ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉም። ኩባንያው ባለፈው ዓመት፣ በ2025፣ ከስሮ የቀሩትን ሱቆቹን ሁሉ ዘጋ። አዘኑ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁና አልጋቸው ላይ ያለውን ባለ መስመር የኩባንያውን ብርድ ልብስ አሳዩኝ። «ብርድ ልብሱ ጥሩ ነበር» አሉ።

ሽማግሌው ግን ሀብታም እንዳይመስሉዎት። ቆዳው ሳይለፋ እንደደረቀ ለሐራጅ ወደ ደቡብ ይላካል፤ የግዛቱ መንግሥት ቅድሚያ ክፍያ ስለሚሰጥ እስከዚያ አይራቡም፣ ቤንዚኑ ግን ትርፉን ይበላዋል። የልጆቻቸው ኑሮ በአልማዝ ማዕድን ደመወዝ ነው፤ ጫካ የሚገቡት በዕረፍታቸው ነው። በሩቅ አገር ደግሞ ጸጉር መልበስ ጭካኔ ነው የሚል ሰው በዝቷል። በ1991 የአውሮፓ ማኅበር እግር የሚይዘውን ወጥመድ ከልክሎ፣ በዚያ ከሚያጠምድ አገር ጸጉር እንዳይገባ ደነገገ። እውነቱን ለመናገር ያ ወጥመድ ክፉ ነበር፤ አውሬው ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ያድራል። ነገር ግን ቶሎ የሚገድለውን የፈለሰፈው የከተማ ሰው አይደለም። ፍራንክ ኮኒቤር የሚባል፣ እዚሁ ግዛት ፎርት ስሚዝ ይኖር የነበረ አጥማጅ ነው፤ ወጥመዱ ለገበያ የበቃው በ1950ዎቹ ነው። ሱፐር ማርኬት ዶሮ የሚገዛ ሰው ሽማግሌውን ጨካኝ ሲላቸው እኔ አይዋጥልኝም። ያልበሉትንና ያልተጠቀሙበትን አልጣሉም።

እሳቱን ያስታውሳሉ? በ2023 ነሐሴ ላይ ወደ 20,000 የሚጠጋው የከተማችን ሕዝብ በደን ቃጠሎ ምክንያት ሲወጣ ከመጠለያ ሆኜ የደወልኩልዎ? በዚያው ሰሞን ከሽማግሌው ጎጆዎች አንዱ ነድዷል። ማርተን ያረጀ ጥቅጥቅ ደን ስለሚወድ የተቃጠለው መሬት ላይ ቶሎ አይመለስም። ያንን የመስመራቸውን ክፍል ትተውታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እኅታቸው ቆዳ ፋቂ ናቸው። ከተማ ውስጥ ሳይደብቁ የሚናገሩት፣ የሚከበሩበት ሙያ ነው። በበጋ በከተማው መናፈሻ ድንኳን ተክለው የሙስ ቆዳ ይፍቃሉ፤ ሙስ ከበሬ የሚከብድ ባለ ቀንድ አውሬ ነው። ወጣቶች ከትምህርት ቤት እየመጡ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ይማራሉ። ጸጉሩን ይላጫሉ፣ ሥጋውን ከሙሱ ከራሱ እግር አጥንት በተሠራ መፋቂያ ይፍቃሉ፣ በአንጎሉ ያሹታል፣ ጨምቀው ይወጥሩታል፣ በመጨረሻ በበሰበሰ እንጨት ጭስ ያጥኑታል። በረዶ ውስጥ ላለመስመጥ የሚጫሙትን ሰፊ የእግር ወንፊት የሚወጥሩትም በጠፍር ነው። ሳየው የእርስዎ የጠፍር አልጋ ትንሿ ልጅ መሰለኝ። ጠፍሩን ከቆዳው ዳር ጀምረው እየዞሩ እስከ መሐሉ ሳይቆርጡ ይቀዱታል፤ «አባቴም እንዲሁ ነው የሚቀዳው» ስላቸው ሥራቸውን አቁመው አዩኝ።

አባባ፣ እኔን ለጋራዥ ሲሰጡኝ «ይህን እጅ አትውረስ» ያሉኝን አልረሳሁም። አገልግሉንና ስልቻውን በማታ እየመጡ የሚገዙን፣ በጠዋት ደጃችን ላይ አፍንጫቸውን ይዘው የሚያልፉ ሰዎች ነበሩ። እታለም የታጨችበት ቤት «ፋቂ ናቸው» ብሎ የቀረበትን ቀን እማዬ ምንም አለመናገሯም ትዝ ይለኛል። እዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የእርስዎን ሥራ ስሙን ጠርቼ ተናገርኩ፤ ከዚያ ወዲህ እኒያ ሴት ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል፣ እኔም ግማሹን መመለስ እያቃተኝ ተቸግሬያለሁ።

ስለዚህ መልስዎን እታለም ትጻፍልኝ። ለአንድ የፍየል ቆዳ ስንት እምቧይ ይበቃል? የበሰለው ነው የሚወቀጠው ወይስ ጥሬው? ስንት ቀን ይቀመጣል? ቆዳው እንዲለሰልስ የኑግ ዘይት የሚቀባው ከመታሸቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ደግሞም እኒያ ሴት «በጭስ ያልታጠነ ቆዳ ዝናብ ሲነካው ለምን ደርቆ አይቀርም?» ይላሉ፤ እኔ ደርቆ ይቀራል ብያቸዋለሁ፣ እርስዎ ያስተካክሉኝ። የመፋቂያዎን ስለትና እጀታውን እታለም ከሁለት በኩል ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ፤ ርዝመቱን በስንዝር ሳይሆን በሜትር ትለካው።

ለፋሲካ በግ የሚሆን ገንዘብ በባንክ ልኬያለሁ። ቆዳውን እንዳትሸጡት።

እማዬን፣ እታለምንና ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

የዘወትር ናፋቂዎ፣
ልጅዎ