ብቻውን ለወፍ አደን የሚወጣ ሰው ያለ ውሻ አይውጣ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በአሜሪካ፣ በሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ የሱ ፎልስ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ይህንን ደብዳቤ የምጽፈው በዚህ አካባቢ ባለነው ኢትዮጵያውያን ዘንድ እየተለመደ ስለመጣ፣ ነገር ግን በግልጽ ተነጋግረንበት ስለማናውቅ አንድ ጉዳይ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻድቅ እየቀመስን ስንጨዋወት፣ ባለፈው ዓመት የአደን ፈቃድ ያወጡ ወጣቶች ለፌዛንት አደን እንዴት እንደሚወጡ ሲያወሩ ሰማሁ። ውሻ አላቸው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው አንደኛው፣ «ጋሼ፣ ውሻ በአፉ የያዘውን ወፍ እናቴ ቤት አታስገባልኝም» ሲል መለሰልኝ። በአጠገባችን የነበሩ አንድ አባትም ልጁ ልክ እንደሆነ ተናገሩ። በዚያ ሰዓት ታላቅን ላለመዳፈር ዝም ብያለሁ፤ ዝምታዬ ግን እስከ ዛሬ ሲከነክነኝ ቆይቷል። ምክንያቱም ብቻውን ወፍ ለማደን የሚወጣ ሰው ውሻ ከሌለው ባይወጣ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም እምነት ያገኘሁት ከራሴ ጥፋት ነው።

ፌዛንት ለማያውቅ አንባቢ፣ በቁመቱ ከአገራችን ቆቅ የሚበልጥ፣ ጅራቱ ረጅም የሆነ ወፍ ነው። የወንዱ ራስ አረንጓዴ፣ የዓይኑ ዙሪያ ቀይ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው ሲሆን ሴቷ ግን የደረቀ ሣር የመሰለች ናት። ወፉ ራሱ እንደ እኛ ስደተኛ ነው፤ ዘሩ ከቻይና የመጣ ሲሆን በዚህ ግዛት መራባት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1908 ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ለአንድ ቀን ብቻ የመጀመሪያው አደን ተፈቀደ፤ በ1943 ደግሞ የግዛቲቱ መለያ ወፍ ሆነ። ዛሬ አደኑ የሚከፈተው በኦክቶበር ሦስተኛ ቅዳሜ፣ ማለትም በእኛ ጥቅምት ከገባ በኋላ ሲሆን እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ይቆያል። ተኩስ የሚጀመረው ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ የሚያበቃውም ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። አንድ ሰው በቀን ከ3 ወፍ በላይ አይፈቀድለትም፤ ሴቷን መግደል ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው። ስለዚህም የታደነው ወፍ ወንድ መሆኑ እንዲታወቅ እግሩ ወይም ጭንቅላቱ ወይም ላባው ያልተነጨ ክንፉ ሳይለይ ወደ ቤት ይወሰዳል።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት በሰሜን ሸዋ ቆላማ ክፍል ነው። በልጅነታችን ቆቅና ጅግራ የምናድነው በወጥመድ፣ በወንጭፍና በሩጫ ነበር። ቆቅ አንዴ በርራ፣ ሁለተኛ በርራ፣ በሦስተኛው እንደሚደክማትና ቁጥቋጦ ሥር እንደምትወሸቅ ማንኛውም እረኛ ያውቃል። የወደቀችበትን ቁጥቋጦ ለይቶ የሚያሳየን ግን ሁልጊዜ የመንደሩ ውሻ ነበር፤ ውሻው ቀድሞ ቢይዛትም ከአፉ ነጥቀን፣ ባርከን አርደን እንበላ ነበር እንጂ የከለከለን ሰው አላስታውስም። «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚለውን ተረትም የምናውቀው ከአፍ ብቻ ሳይሆን ዱላችንን ወርውረን ስንስት ነው። ከሥፍራዋ ርቃ የሄደች ቆቅም አለች፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋማ አገር የሚገኘው አንደኛው የቆቅ ዓይነት ወደ ሃዋይ ደሴቶች ተወስዶ ተራብቶ፣ ዛሬ እዚያ በፈቃድ ይታደናል። ይህንን ስሰማ የአገሬን ሰው በባዕድ አገር ያገኘሁ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ሾትጋን ገዝቼ ፈቃድ ባወጣሁበት በመጀመሪያው ዓመት ውሻ አልነበረኝም። ሥራዬ በፈረቃ ስለነበረ ከሌላው ሰው ጋር የዕረፍት ቀናችን አይገጥምም፤ ስለዚህ ብቻዬን እወጣ ነበር። በዚያ ዓመት 11 ወፍ መትቼ ስጥል በእጄ የገባው 6 ብቻ ነው። 5ቱ የት እንደደረሱ እግዚአብሔር ይወቅ። ፌዛንት ሲመታ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ክንፉ ነው፤ እግሩ ግን ደህና ነው። መሬት እንደነካ እንደ አይጥ በሣሩ ሥር ሾልኮ ይሮጣል፣ ጉድጓድ ካገኘ ይገባል፣ ፊላ ካገኘ ውስጡ ይወሸቃል። ሰው ወፉ የወደቀበት ቦታ ደርሶ ጥቂት ላባ ያገኛል፤ ወፉ ግን በዚያን ጊዜ መቶ እርምጃ አልፏል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱን መትቼ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ በወገብ ልክ ሣር ውስጥ በጉልበቴ እየዳህኩ ፈልጌ አጣሁት። ሌሊቱን በረዶ ጣለ። ያ ወፍ የተሰበረ ክንፉን እየጎተተ በዚያ ብርድ ማደሩን ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱም ጠመንጃዬን ጠርጌ ሰቀልኩና እስከ ክረምቱ መጨረሻ አላወረድኩትም።

በሚቀጥለው የጸደይ ወቅት ጥቁር የላብራዶር ቡችላ ገዛሁ። ስሟን «አይዞሽ» አልኳት። አገር ቤት አባቴ ለውሾቹ መልእክት ያለው ስም ያወጣ ስለነበር ነው፤ በዚህ ሰፊ ሜዳ መካከል ብቻዬን ሆኜ «አይዞሽ!» ብዬ ስጣራ ለራሴም ጭምር የምናገረው ይመስለኛል። አንድ ዓመት ሙሉ በፊሽካ መቆምን፣ ከእኔ 30 ሜትር በላይ አለመራቅን፣ የወደቀ ነገር ጥርሷን ሳታሳርፍ ይዛ እጄ ላይ ማስቀመጥን አስተማርኳት። ትምህርቱ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እኔ ያስተማርኳት በአሮጌ ካልሲና በወፍ ክንፍ ነው።

ብቻውን የሚያድን ሰው ከቡድን የተለየ ዘዴ ያስፈልገዋል። በቡድን የሚያድኑት በሰፊው የበቆሎ ማሳ ግማሾቹ እየነዱ ግማሾቹ ከጫፍ ይቆማሉ። አንድ ሰውና አንድ ውሻ ግን ይህንን ሊያደርጉ ስለማይችሉ ትናንሽ ቦታዎችን መምረጥ አለባቸው፦ የጨፌ ዳር፣ የቦይ ማዕዘን፣ ከታጨደ ማሳ ጋር የሚዋሰን የፊላ ጥግ። መንግሥት ከገበሬዎች ተከራይቶ ለሕዝብ አደን ክፍት ያደረገው መሬት ብዙ ስለሆነ ቦታ አይጠፋም። የመኪና በር በኃይል አለመዝጋት፣ ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ መግባት፣ ሣሩ ወደሚያልቅበት ጫፍ ቀስ ብሎ መንዳት ዋናው ነገር ነው። ወፉ መሮጫ ሲያልቅበት ይነሣል። አይዞሽ ጠረን ስታገኝ ጅራቷ ይፈጥናል፣ አፍንጫዋ ከመሬት አይነሣም፣ እኔም እርምጃዬን አስተካክዬ እቆማለሁ። ወንዱ ሲነሣ እየጮኸ ስለሚነሣ ከሴቷ ለመለየት ጆሮም ይረዳል። ከወፉ ሥር ሰማይ ካልታየኝ ግን አልተኩስም፤ ዝቅ ብሎ ከሚበር ወፍ ሥር ዘልላ የምትከተለው ውሻዬ ናትና።

ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ አንድ ወንድ ፌዛንት ከጅረት ማዶ ፊላው ውስጥ ወደቀብኝ። እኔ የወደቀበትን ቦታ ለይቼ ወደዚያ እየጠቆምኩ ስልካት እርሷ ግን ጥቂት አሽትታ ተቃራኒውን አቅጣጫ ይዛ ጠፋች። ተቆጥቼ ፊሽካ ነፋሁ፤ አልመለስ አለች። አሥር ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ከማላስበው አቅጣጫ፣ ከእርሻው አጥር በኩል፣ ወፉን በሕይወት ይዛ መጣች። ዓይኑ ይቁለጨለጫል፤ ከክንፉ ስብራት በቀር አንዲት ጭረት አልነበረበትም። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ያንን ወፍ በጅረቱ ዳር ስፈልግ እመሽ ነበር።

ዋናው ቁም ነገርም ይህ ነው። አባታችን የተናገሩት ነገር መነሻ እንዳለው አውቃለሁ። አውሬ የቧጨረውን ሥጋ አትብሉ፣ ለውሻ ጣሉት የሚለው ቃል በኦሪት ዘጸአት ተጽፏል፤ ሕዝባችንም ሞቶ የተገኘን አለመብላቱ የሚያስከብረው ሥርዓት ነው። ነገር ግን ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 ቁጥር 13 አድኖ የሚበላ እንስሳ ወይም ወፍ የያዘ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲከድነው ያዝዛል። አደን ከጥንትም እንዳለ፣ ደሙ በክብር እንዲፈስስ ብቻ እንደተፈለገ ከዚህ እረዳለሁ። ውሻዋ ወፉን ሳትጎዳ በሕይወት ስታመጣልኝ እኔ ያንኑ ለማድረግ እችላለሁ፦ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ ባርኬ አርደዋለሁ፣ ደሙን አፈር አለብሰዋለሁ። ያለ ውሻ የሚያድነው ወንድሜ ግን ወፉን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከሞተ በኋላ ነው፤ ወይም ጨርሶ አያገኘውም። እንግዲህ የውሻ አፍ እንዳይነካው ተብሎ የተጠነቀቁለት ሥርዓት በሌላ በኩል ሳይታረድ የሞተ ሥጋ ያመጣል፣ ወይም የቆሰለ ፍጥረት በሜዳ ይጥላል ማለት ነው። እኔ በአየር ላይ ሕይወቱ ያለፈውን ወፍ አልበላም፤ ለአሜሪካዊ ጎረቤቴ እሰጠዋለሁ፣ ከዕለቱ 3 ወፎቼም እቆጥረዋለሁ። ወድቆ ያጣሁትንም፣ ውሻዋም ሳታገኘው የቀረውን ጥቂቱን፣ ሕጉ ባያስገድደኝም ከ3ቱ እቆጥረዋለሁ።

በኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ጠመንጃዬን አስቀምጬ ከልደት በኋላ እንደገና አወጣለሁ። በዚያን ጊዜ ብርዱ የከፋ ስለሆነ ለብቻው የሚወጣ ሰው የሚሄድበትን ቦታና የሚመለስበትን ሰዓት ለቤተሰቡ ጽፎ መተው አለበት፤ ስልክ በብዙ ሥፍራ አይሠራምና። ፊላ የበቀለበት ረግረግ በበረዶ ስለተሸፈነ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም፤ ከውሻ ኋላ ሮጦ መግባትም አደገኛ ነው። በጥቅምት ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ቀኑ ሲሞቅ ውሻ በሙቀት ሊሞት ስለሚችል ለእርሷ የሚሆን ውኃ ከራስ ውኃ አብልጦ መያዝ ይገባል። እኔ በመኪናዬ የጃርት እሾህ መንቀያ ፒንሳም ይዤ እሄዳለሁ፤ አንድ ጊዜ ጠቅሞኛል።

ዝግጅት ክፍላችሁን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በውጭ አገር ያሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት፣ ውሻ በሕይወት ያመጣውንና ባለቤቱ ባርኮ ያረደውን ወፍ በተመለከተ በጋዜጣችሁ ምላሽ እንዲሰጡን ዕድሉን ብታመቻቹልን። እኔ ያልኩት የአንድ ምእመን ሐሳብ ነው፤ ከተሳሳትኩ ታርሜ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፣ ልጆቻችን ግን ከጓዳ ወሬ ይልቅ ከሊቃውንት አንደበት ሊሰሙ ይገባል። ሁለተኛ፣ ይህንን ደብዳቤ ሳታሳጥሩ እንድታወጡልኝ ነው፤ ያ ወጣት ጋዜጣችሁን እንደሚያነብ አውቃለሁና። አደኑ ከመከፈቱ በፊት በመስከረም ከአይዞሽ ጋር ለልምምድ በምንወጣበት ጊዜ እርሱም ጓደኞቹም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ከተቻለ እናቱንም ይዞ ይምጣ፤ ውሻዋ ከእጄ ላይ ወፍ ስታስቀምጥ በዓይናቸው ይዩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
ከሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ