ዳሪያ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጣለች

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐኪሙ ዕረፍት ጽፎልሽ ሳለ ፈቃድሽ ሳያልቅ ወደ ሌሊት ፈረቃ ልትመለሺ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። በስልክ ብናገርሽ «አባዬ፣ የዚህ አገር ሥራ አይገባህም» ብለሽ ታቋርጪኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ፤ ወረቀት አይቋረጥም።

ሚንስክ ተምሬ ከመጣሁ ወዲህ የቤላሩስ ነገር ከሆዴ እንደማይወጣ ታውቂያለሽ። በዲሽ ባያትሎን (በረዶ ላይ በስኪ መንሸራተትና ተኩስ የተጣመሩበት ስፖርት) ሳይ «ደሞ ይቺ ጠመንጃ አዝላ በረዶ ላይ የምትሮጥ!» እያልሽ ትስቂብኝ የነበረችው ሴት ዳሪያ ዶምራቼቫ ናት። ሚንስክ በ1986 ተወለደች (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)፤ በአራት ዓመቷ ወላጆቿ ለሥራ ሳይቤሪያ፣ ኒያጋን ወደምትባል ከተማ ወሰዷት። ስኪ እዚያ ጀመረች። በኋላ ተመልሳ ለትውልድ አገሯ ተወዳደረች።

ያን ጊዜ ስትስቂ አንድ ነገር አላየሽም። ተወዳዳሪዋ ከሦስት ኪሎ ተኩል የማያንስ ጠመንጃ በጀርባዋ ይዛ ዳገት ወጥታ ትመጣለች። ደረቷ እንደ ወናፍ እየነፋ ተኩስ ሜዳ ትገባለች። እዚያ መቆም አለባት። ጠመንጃውን ታወርዳለች፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ 50 ሜትር ርቀት ላይ ያሉትን አምስት ጥቁር ክቦች ታያለች። ተኝታ ስትተኩስ ዒላማው 4.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ቆማ ስትተኩስ 11.5 ይሆናል፣ ግን ያኔ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ጥይቱ ካገኘው ጥቁሩ ነጭ ይሆናል። ከሳተች 150 ሜትር የቅጣት ዙር አለ፤ በ15 ኪሎ ሜትሩ ውድድር ደግሞ ለአንድ ስህተት አንድ ደቂቃ ይደመርባታል። ትንፋሹ ሳይረጋ ቃታ የሳበ፣ በሩጫ ያተረፈውን እዚያው ይከፍላል።

ዳሪያ ሩጫው ላይ ክንፍ ነበራት፤ እኔን የሚያስጮኸኝ ተኩሷ ነው። በ2009 ጥር ኦበርሆፍ ጀርመን ላይ ከፊተኞቹ ጋር ሆና ለሁለተኛው ተኩስ ገባች። ተኝታ መተኮስ ሲገባት ቆማ ተኮሰች! ስህተቷን ስታውቅ ውድድሩን ትታ ወጣች። እንደዚያ ያለ ነገር ዓለም እያየ ሲደርስብሽ አስቢው። በዓመቱ ግን ቫንኩቨር ኦሎምፒክ ላይ ነሐስ አገኘች።

ሶቺ 2014ን ሁሉም ያውቀዋል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ወርቅ፣ ሦስቱም በግል። በ15 ኪሎ ሜትሩ አንድ ዒላማ ስታ እንኳ ሁለተኛ የወጣችውን ስዊዘርላንዳዊት ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀደመቻት፤ አንድ ሌላ ብትስት እንኳ ወርቁ የእሷ ነበር ማለት ነው። አገሯ «የቤላሩስ ጀግና» የሚለውን ማዕረግ ሰጠቻት፤ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። በቀጣዩ ክረምት የዓለም ዋንጫውን አጠቃላይ ድል ወስዳ ትልቁን የክሪስታል ሉል አነሣች።

እኔ የማደንቃት ግን ከዚያ በኋላ ባደረገችው ነው። በ2015 ሞኖኑክሊዮሲስ ያዛት። ሰውነትን አድክሞ የሚጥል የቫይረስ በሽታ ነው፤ ካልታረፈለት ይጎተታል። የዓለም አንደኛ ናት፣ ዕድሜዋ 29፣ ስፖንሰሩም ሕዝቡም ይጠብቃታል። እሷ የ2015/16ን ውድድር ሙሉ በሙሉ ተወችው። አንድ ክረምት! ሌሎቹ ሜዳሊያ ሲሰበስቡ ቤቷ ተቀመጠች። እንደኔ ግምት ይህ ከሶቺ ሦስቱ ወርቆች ይከብዳል፤ ለመሮጥ የሰለጠነ ሰው ቁጭ ማለት አያውቅበትም። አንቺም አታውቂበትም፤ በእናትሽ ወጥተሻል።

በዚያው ጊዜ ኖርዌያዊውን ዑሌ አይናር ቢዮርንዳለንን አገባች፤ እሱም ስምንት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው የዚሁ ስፖርት ሰው ነው። በ2016 ጥቅምት ሴት ልጅ ወለዱ። በ2017 ጥር ተመልሳ መወዳደር ጀመረች፤ በወሩ ሆክፊልትሰን ኦስትሪያ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ብር አገኘች። በ2018 ፒዮንግቻንግ ደግሞ በግል ብር፣ ከዚያ ከስካርዲኖ፣ ከክሪውኮና ከአሊምቤካቫ ጋር የዱላ ቅብብሉን ወርቅ። የመጨረሻውን ዙር የሮጠችው እሷ ናት፤ እኔም ብቻዬን ሳሎን ቆሜ አጨበጨብኩ፣ እናትሽ «ምን ነካህ?» ብላ ከማድ ቤት ወጣች። በዚያው ዓመት ሰኔ ጡረታ ወጣሁ ብላ፣ በኋላ ከባሏ ጋር የቻይናን ቡድን አሠለጠነች።

የምትጣደፊበትን ምክንያት አላጣሁትም። የወንድምሽ የኮሌጅ ክፍያ በእጅሽ ነው። ለዚህ ሴሚስተር ግን ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ የላይኛውን ክፍል አከራይተነዋል፣ እናትሽም እቁቧ ወጥቶላታል። በዚህ ወርና በሚቀጥለው ምንም ብር እንዳትልኪ፤ ብትልኪም መልሼ እልከዋለሁ። የሐኪሙን ወረቀት ነገ ለአለቃሽ ስጫት፣ የሌሊት ፈረቃውንም ለሌላ ሰው ይስጡት። ሾርባ መሥራት ከሰለቸሽ እናትሽ በሰው የላከችልሽ ሽሮ አለ።

ቅዳሜ ማታ ትደውልልሻለች፤ ከሥራ ቦታ ሳይሆን ከቤትሽ ሆነሽ አንሺው።

አባትሽ