«ድንግል ናት» የሚለው ወረቀት፦ ለድሬዳዋ የጤናና የፍትሕ ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በማመልከቻም በስብሰባም ደጋግመን ያነሳነው ጉዳይ መልስ ስላጣ በአደባባይ ለመጻፍ ተገደናል። ጉዳዩ በሕፃናት ላይ በሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ክስ ለችሎት የሚቀርበው የሕክምና ማስረጃ ነው።

ወረቀቱን ታውቁታላችሁ። ግማሽ ገጽ ነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ «ሃይመን ኢንታክት» (በብልት መግቢያ ያለው ስስ ሽፋን አልተቀደደም) ብሎ ይጽፋል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ድንግል ናት» ይሆናል። ችሎት ላይ ሲነበብ ደግሞ «ምንም አልተደረገችም» ተብሎ ይሰማል። ሐኪሙ ግን ይህን አላለም።

ጥቃት ደርሶባቸው ከሚመረመሩ ሕፃናት ከ10ሩ ከ9 በላይ በሚሆኑት ላይ የሚታይ ምልክት አይገኝም። ብዙው ጥቃት በመነካካትና በመተሻሸት የሚፈጸም ነው። ቁስል ቢኖርም የዚያ አካባቢ ስስ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ጠባሳ ሳይተው ይድናል። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ከሆነች ሽፋኑ ይለጠጣል። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት 36 ነፍሰ ጡር ታዳጊዎች ተመርምረው የማያሻማ ምልክት የተገኘባቸው 2 ብቻ ነበሩ። ልብ በሉ፣ ሁሉም አርግዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 እ.ኤ.አ. የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት ስለሌለው ይቁም ብሏል። 13 ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ክብረ ንጽሕና መገርሰሱን እንደማይጠይቅ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

ከገጠሮቹ ከዋሂል ወይም ከቢዮ አዋሌ የምትመጣ ልጅ ጉዳይዋ በሽማግሌ ተይዞ ሲጓተት ስምንት አሥር ቀን ያልፋል። ናሙና የሚወሰድበትም፣ የኤች አይ ቪ መከላከያው የሚጀመርበትም 72 ሰዓት አልቋል። በጊዜ የደረሰችውም ብትሆን ልብሷ በፌስታል ተቋጥሮ በድሬ ሙቀት ያድራል። እርጥብ ልብስ በፌስታል ውስጥ ይሻግታል፤ ባክቴሪያው ልብሱ ላይ የቀረውን የአጥቂውን ዘረመል (ዲኤንኤ) ይበላዋል። በጥላ ደርቆ፣ በወረቀት ከረጢት ታሽጎ፣ የሰጪና የተቀባይ ስም፣ ሰዓትና ፊርማ ሊጻፍበት ይገባ ነበር። የወረቀት ከረጢት እንዴት ይታጣል?

መጥሪያው ደግሞ ለነገ ችሎት ዛሬ ከሰዓት ይመጣል። ሐኪሙ ተዛውሯል፤ ወረቀቱ ላይ የካርድ ቁጥር የለም፤ ፊርማው አይነበብም። ስለዚህ ወረቀቱ ብቻውን ይነበባል። ሐኪሙ ቢገኝ እንኳ ዐቃቤ ሕጉ ኮሪደር ላይ ያገኘዋል፣ ገብተውም «የጻፍከው ይህ ነው?» ብሎ ያበቃል። «በ10ኛው ቀን በተመረመረች ልጅ ላይ ምን ይጠበቃል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተከላካይ ጠበቃው ክፍተቱን ይጠቀምበታል። ሥራው ነው፣ አንወቅሰውም።

የዕድሜው ወረቀትም ያው ነው። የእጅ አንጓ ራጅ ታይቶ «14 ዓመት» ይባላል። ራጁ የሚነጻጸረው ከ80 ዓመት በፊት በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከነበሩ ሕፃናት ራጅ ጋር ነው፤ ግምቱ እስከ 2 ዓመት ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ልጅቷ 13 ካልሞላት ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት፣ ከሞላት ከ3 እስከ 15 ዓመት ነው። ይህን ያህል ልዩነት ያለበት ነገር በአንድ ቁጥር አይጻፍም፤ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ይገለጽ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ማስረጃውን ሐኪሙ ራሱ በአማርኛ ይጻፈው። ጥቃቱ የደረሰበትና ምርመራው የተደረገበት ሰዓት ይስፈር። ልጅቷ በኦሮምኛም ሆነ በሶማሊኛ ያለችው ቃል ሳይለወጥ ይጻፍ። «ምልክት አለመገኘቱ ጥቃት አለመፈጸሙን አያሳይም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቅጹ ላይ ይታተም። መጥሪያው ከማስረጃው ቅጂ ጋር ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ይድረስ።

ቅጹን አዘጋጅተነዋል፣ ሁለት ገጽ ነው። ቀጠሮ ስጡን፤ ይዘን እንመጣለን።

በድሬዳዋ የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች