ውድ ሄድፎን ለአዳማ ሰው ያዋጣል ወይ?

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ውድ ገመድ አልባ ሄድፎኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን «ዋጋቸው ይገባቸዋል» ብላችሁ ዘጋችሁት። ለማን?

እነዚህ ዕቃዎች ገንዘቡን የሚበሉት በዋናነት ለሙዚቃው ጥራት አይደለም፣ ለጸጥታው ነው። ውጭ ያሉት ትንንሽ ማይኮች የአካባቢውን ድምፅ ይይዛሉ፣ ሄድፎኑ ደግሞ የዚያን ተቃራኒ ሞገድ ያወጣል፣ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ኖይዝ ካንስሊንግ የሚሉት ይሄን ነው። ይሄ በደንብ የሚሠራው ሳይቋረጥ ለሚያጉረመርም ወፍራም ድምፅ ነው። የቦዝ ካምፓኒ መሥራች አማር ቦዝ ሐሳቡ የመጣለት እኮ እ.ኤ.አ. በ1978 አውሮፕላን ላይ እያለ ነው፤ ካምፓኒው መጀመሪያ ያወጣውም ለአብራሪዎች ነበር። ስለዚህ በየቀኑ አዳማና አዲስ አበባ በአውቶብስ የሚመላለስ ሰው አቅሙ ካለው ይግዛ፣ ምንም አልልም። የሞተሩ ጉርምርምታ ይቀንስለታል፣ ድምፅ መጨመር አያስፈልገውም፣ ጆሮውም ያርፋል። የጄኔሬተር ጎረቤት ያለውም እንደዚያው።

በእግሩ ለሚሄድ ግን ሌላ ነው። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ የንፋስ ኃይል ማመንጫው እዚህ የተተከለው በምክንያት ነው። ንፋሱ ማይኮቹን ሲመታ ሄድፎኑ ራሱ ጆሮ ውስጥ ሁሁ ይላል። ካምፓኒዎቹ ንፋስ የሚቀንስ ሴቲንግ ያስገባሉ፣ ይረዳል፣ አያጠፋውም። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ባጃጁ ነው። ከኋላ የሚመጣ ባጃጅ ሞተሩ ሳይሰማ መንገድ መሻገር አደገኛ ነው፣ እባካችሁ ይሄን ጻፉት፤ ልጆቻችን ጆሯቸውን ደፍነው ነው አስፋልት የሚያቋርጡት።

የድምፅ ጥራቱንም እናንሳ። ሶኒ ኤልዳክ የሚባል ብዙ ዳታ የሚያስተላልፍ ዘዴ አለው፤ አይፎን ግን አይቀበለውም። አንድሮይድ ቢሆንም ከቴሌግራም የወረደ የተጨመቀ ኤምፒስሪ በምንም ሄድፎን ያልነበረውን አያመጣም።

ዋጋውን በዶላር ብቻ ማውራትም አይበቃም። የሶኒው ኤክስኤም5 ሄድፎን በ2014 ሲወጣ አሜሪካ 400 ዶላር ገደማ ነበር፣ ያኔ በባንክ ምንዛሪ ወደ 21 ሺህ ብር። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ያው 400 ዶላር ከ50 ሺህ ብር አልፏል፣ የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር። ይሄን ያህል የከፈለ ሰው ስንት ዓመት እንደሚያገለግለው ማወቅ አለበት። ሲገዛ 30 ሰዓት የሚይዘው ባትሪ ዓመታት ሲያልፉ እየደከመ ይሄዳል። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ ደግሞ በላብና በሙቀት ቆዳው ይላላጣል፤ ጥቁር ቅርፊት ሆኖ ጆሮና ኮሌታ ላይ ሲረግፍ አይታችሁ ይሆናል። ኦሪጅናሉን ስፖንጅ እዚህ የት ነው የምናገኘው? ባትሪውንስ ማን ነው የሚቀይረው? ጽሑፋችሁ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

ደግሞ ኮፒው በዝቷል። ካርቶኑ፣ ጽሑፉ፣ ሁሉም ቁርጥ ኦሪጅናሉን ነው። ገዢ ብር ከመክፈሉ በፊት ሙዚቃውን አጥፍቶ ኖይዝ ካንስሊንጉን ብቻ ያብራና ሱቁ በር ላይ ይቁም። የመኪናው ጉርምርምታ በግልጽ ካልቀነሰ ይተወው። ጥሩምባና የሰው ንግግር ቢሰማው አይደንግጥ፣ እነሱ በኦሪጅናሉም ይሰማሉ። የካምፓኒውን አፕ ስልኩ ላይ አውርዶ ያገናኝ፤ አፑ ዕቃውን ካላወቀው ሻጩ ምንም ቢምል አይግዛ።

በሚቀጥለው ስትጽፉ ጥገና ቤት ሄዳችሁ ባትሪና ስፖንጅ መቀየር በስንት ብር እንደሚያልቅ ጠይቁልን። መካከለኛ ዋጋ ያላቸውንም አምጡና ሚኒባስ ውስጥ ከውዱ ጋር አወዳድሩልን፣ እነሱም ዛሬ ኖይዝ ካንስሊንግ አላቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ